ሳኦል በነቢያት መካከል፦ የጊታር ሠሪው የክርስቲያን ፍሬድሪክ ማርቲን ሕይወት

ጊታር በአምልኮ መድረኮቻችን ላይ የተለመደ ዕቃ ከሆነ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ዘማሪው ያነሣዋል፤ ክሮቹን ይቃኛል፤ ጉባኤው አብሮ ይዘምራል። ዘማሪውን እናውቀዋለን፤ መዝሙሩን ማን እንደ ደረሰውም አንዳንዴ እንጠይቃለን። ጊታሩን የሠራው ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም።

ዛሬ ስለ አንድ ጊታር ሠሪ ላጫውታችሁ። ሰውዬው ሰባኪ አልነበረም፤ በመዝሙር ደራሲነትም አይታወቅም። ዕድሜውን የፈጀው እንጨት በመላግ፣ በማጠፍና በማጣበቅ ነው። ሆኖም ዛሬ በመላው ዓለም የሚሠራው የብረት ክር ያለው ጊታር አብዛኛው በሆዱ ውስጥ የዚህን ሰው የአሠራር መንገድ ተሸክሞ ይገኛል። ስሙ ክርስቲያን ፍሬድሪክ ማርቲን ይባላል። በአገሩ ሳለ ግን እርሱና መሰሎቹ ጊታር ለመሥራት መብት የላችሁም ተብለው ተከስሰው ነበር። ከሳሾቹም ክሳቸውን ያሳመሩት ከመጽሐፍ ቅዱስ በወሰዱት ምሳሌ ነው። ምሳሌው ምን እንደ ሆነና ማርቲንስ ምን ዓይነት መልስ እንደ ሰጠ ወደ ፊት እናያለን። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የስደተኞች ከተማ

ማርቲን የተወለደው ጃንዋሪ 31 ቀን 1796 በጀርመን አገር፣ በሳክሶኒ ግዛት፣ ማርክኖይኪርኸን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ ዮሐን ጌኦርግ ማርቲን የቤት ዕቃ የሚሠራ አናጢ ነበር፤ ጊታርም ይሠራ ነበር። ልጁ የእንጨት ፍርፋሪ ሲረግጥና የሙጫ ሽታ ሲያሸት አደገ ብንል አንሳሳትም።

ስለዚህች ከተማ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልገናል። ማርክኖይኪርኸን በሙዚቃ መሣሪያ የታወቀችው በወንጌል ምክንያት በተሰደዱ ሰዎች ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን በጎረቤት አገር በቦሔሚያ የነበሩ የተሐድሶ እምነት ተከታዮች እምነታቸውን እንዲለውጡ ወይም አገር ጥለው እንዲሄዱ ሲገደዱ፣ ከእነርሱ መካከል ቫዮሊን ሠሪዎች ድንበር ተሻግረው ወደዚህ መጡ። በ1677 ደግሞ 12 የቫዮሊን ባለሙያዎች ተሰባስበው የራሳቸውን የሙያ ማኅበር አቋቋሙ። ቤታቸውንና ርስታቸውን ጥለው የመጡት ሰዎች እጃቸው ላይ የቀረላቸው ሙያ ብቻ ነበርና ያንኑ አጥብቀው ያዙት። ይህን በልባችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ወደ ቪየና

በዚያ ዘመን የጊታር ጥበብ ከፍ ብሎ ከሚታይባቸው ከተሞች አንዷ የኦስትሪያዋ ቪየና ነበረች። ወጣቱ ማርቲንም ወደዚያ ሄደ፤ በዘመኑ ስመ ጥር ከነበረው ጊታር ሠሪ ከዮሐን ጌኦርግ ስታውፈር ዘንድም ሙያውን አዳበረ። የስታውፈር ጊታሮች በቀላሉ ይለያሉ። ራሳቸው እንደ ጥቅልል የታጠፈ ሲሆን፣ ስድስቱም መቃኛዎች በአንድ ወገን ተደርድረዋል። አንገታቸው ደግሞ በቁልፍ ከፍና ዝቅ የሚደረግ ነው። ማርቲን ይህን ሁሉ ተማረ፤ በአሜሪካ የሠራቸው የመጀመሪያዎቹ ጊታሮችም የመምህሩን እጅ በግልጽ ያሳያሉ።

በቪየና ሙያ ብቻ አይደለም ያገኘው። በ1825 የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪው የካርል ኩሌ ልጅ የሆነችውን ኦቲሊን አገባ። በዚያው ዓመት ወንድ ልጅ ተወለደላቸው፤ በአባቱ ስም ክርስቲያን ፍሬድሪክ ተባለ። ከዚያም ባልና ሚስት ልጃቸውን ይዘው ወደ ማርክኖይኪርኸን ተመለሱ። ማርቲን በውጭ አገር የተማረውን በገዛ ከተማው ሊሠራበት ተስፋ አድርጎ ነበር። የጠበቀው ግን ክርክር ነው።

የቫዮሊን ሠሪዎች ክስ

በዚያ ዘመን በጀርመን ከተሞች ማንም ሰው የፈለገውን ሙያ ብድግ ብሎ አይሠራም ነበር። እያንዳንዱ ሙያ የራሱ ማኅበር አለው፤ ማኅበሩ ያልፈቀደለት ሰው በዚያ ሥራ እንጀራ አይበላም። የማርቲን ቤተ ሰብ የቤት ዕቃ አናጢዎች ማኅበር አባል ነበር። ጊታር ደግሞ ለከተማዋ አዲስ መሣሪያ ስለ ሆነ የማን ሥራ እንደ ሆነ በጥንቱ ደንብ አልተወሰነም፤ አናጢዎቹ ይሠሩት ነበር። ገበያው እየደራ ሲሄድ ቫዮሊን ሠሪዎቹ ተነሡ፤ የሙዚቃ መሣሪያ ሁሉ የእኛ ነውና አናጢዎች ጊታር እንዳይሠሩ ይከልከሉ ብለው አቤት አሉ።

በ1826 ያቀረቡት አቤቱታ የሚያስገርም ነው። ራሳቸውን የረቀቀ ስሜት ያላቸው ኪነ ጥበበኞች አድርገው አቀረቡ። አናጢዎቹን ግን ወንበርና በርጩማ ከመሥራት ያለፈ ነገር የማያውቁ ተራ ሠራተኞች ናቸው አሏቸው። አክለውም የእነዚህ ሰዎች ሥራ ከእኛ መሣሪያዎች ጋር ተደርድሮ ሲታይ ሳኦል በነቢያት መካከል የቆመ ይመስላል ብለው ተሳለቁ።

እስቲ አንድ ጊዜ ቆም ብለን እናስብ። ይህን የተናገሩት ሰዎች ስለ እምነታቸው ከአገራቸው የተባረሩት የእነዚያ ስደተኞች የልጅ ልጆችና ወራሾቻቸው ናቸው። አባቶቻቸው በር ተዘግቶባቸው ወደዚህች ከተማ መጡ፤ ከተማዋም ተቀበለቻቸው። አንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ሳይሞላ ወራሾቹ ራሳቸው በር ዘጊ ሆኑ። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ያውቁ ነበር፤ ምሳሌም ጠቅሰውበታል። ነገር ግን የጠቀሱትን ታሪክ እስከ መጨረሻው ያነበቡት አይመስልም። በመጽሐፈ ሳሙኤል እንደ ተጻፈው፣ ሰው ሁሉ በሳኦል ሲገረም የእግዚአብሔር መንፈስ በእርግጥ ወርዶበት ነበር፤ ሳኦልም በእርግጥ ትንቢት ተናገረ። አህያ ሲፈልግ የወጣ የገበሬ ልጅ በነቢያት መካከል መቆሙ ለተመልካቾቹ እንግዳ ነበር እንጂ ውሸት አልነበረም። የከሳሾቹ ምሳሌ በራሳቸው ላይ ይመሰክር ነበር።

ጉዳዩ በቀላሉ አልተቋጨም፤ በ1832 እንደ ገና ክርክር ተነሣ። በዚህ ጊዜ አናጢዎቹ ምስክር አቀረቡ። ሹስተር የተባለ ጅምላ ነጋዴ፣ ማርቲን በቪየና በስታውፈር ዘንድ የሠለጠነ መሆኑንና ጊታሮቹም በጥራትም ሆነ በመልክ አንዳች የማይጎድላቸው መሆኑን መሰከረ። ነጋዴ ሸቀጡን ያውቃልና ቃሉ ክብደት ነበረው። በመጨረሻም አናጢዎቹ ጊታር የመሥራት መብታቸውን አስከበሩ።

ታዲያ ማርቲን ረታ ማለት ነው፤ ከዚህ በኋላ ደስ ብሎት መሥራት አይችልም ነበርን? ይችል ነበር። ነገር ግን አባቱ በ1832 ሞተ፤ ከተማዋም በጠብ ተከፋፍላለች። ጎረቤቱ እንደ ሌባ እያየው መሥራት ምን ዓይነት ኑሮ ነው? ተከራክሮ የረታበትን መብት በአገሩ ትቶ በ1833 ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ በመርከብ ወደ አሜሪካ ጉዞ ጀመረ።

አዲስ አገር፣ አሮጌ ችግር

ኒው ዮርክ የደረሱት በኖቬምበር 1833 ነው። ማርቲን 37 ዓመቱ ነበር። ሃድሰን ጎዳና ላይ በቁጥር 196 ሱቅ ከፈተ። ጊታር ሠሪ ብቻ ሆኖ መኖር ግን አልተቻለም። በሱቁ ከጀርመን የመጡ ቫዮሊኖች፣ ዋሽንቶች፣ ክሮችና የሙዚቃ ወረቀቶች ይሸጥ ነበር፤ የተሰበረም ይጠግናል፤ ጊታር የሚሠራው በዚህ ሁሉ መካከል ነው። የቆዩት የሒሳብ መዝገቦቹ አንዳንድ ጊዜ በገንዘብ ፈንታ ወይን ጠጅ ወይም የልጆች ልብስ ተቀብሎ መሣሪያ እንደ ሸጠ ያሳያሉ። በውጭ አገር ኑሮ የጀመራችሁ አንባብያን ይህን ሳትረዱት አትቀሩም። ሰው ሙያ ይዞ ይሄዳል፤ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ግን የሚገፋው በተገኘው ሁሉ ነው።

በ1837 አሜሪካን ከባድ የገንዘብ ቀውስ መታት፤ ባንኮች ተዘጉ፤ ንግድ ቀዘቀዘ። ኦቲሊም የኒው ዮርክ ጫጫታ እንዳልተመቻት ይነገራል። በዚህ መካከል ሄንሪ ሻትስ የሚባል ጊታር ሠሪ ቀደም ብሎ ወደ ፔንሲልቬኒያ ሄዶ ነበርና ማርቲኖች ሊጠይቁት ሄዱ። ኮረብታው፣ ጫካውና በጀርመንኛ የሚነጋገረው ሕዝብ የትውልድ አገራቸውን አስታወሳቸው። ማርቲን በ1838 የኒው ዮርኩን ሱቅ ሸጠ፤ በ1839 መጨረሻ ላይ ናዝሬት በምትባል መንደር ዳርቻ 8 ኤከር መሬት ገዛ።

ሌላይቱ ናዝሬት

ናዝሬት ስንል የገሊላዋን እንዳታስቡ፤ አዳማ ተብላ የምትጠራውን የእኛዋንም አይደለም። ይህች ናዝሬት በፔንሲልቬኒያ የምትገኝ ስትሆን፣ አጀማመሯ ከታላቁ ወንጌላዊ ከጆርጅ ዋይትፊልድ ጋር የተያያዘ ነው። ዋይትፊልድ በ1740 በዚያ 5,000 ኤከር መሬት ገዝቶ ለጥቁር ልጆች ትምህርት ቤት ሊሠራ አሰበ፤ ናዝሬት ያላትም እርሱ ነው። ለግንባታው የቀጠራቸው ሞራቪያውያን ወንድሞችን ነበር። ብዙም ሳይቆይ በትምህርተ እምነት ጉዳይ ከእነርሱ ጋር ተጋጨ፤ ገንዘብም አጠረው። በመጨረሻ መሬቱን ሞራቪያውያኑ በ1741 ገዙት።

ስለ ሞራቪያውያን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ሥራቸው ከያን ሁስ ተከታዮች ይመዘዛል። ከ1722 ጀምሮ ከሞራቪያ ተሰድደው በሳክሶኒ በካውንት ዚንዘንዶርፍ ርስት ላይ ሄርንሁት የምትባል መንደር ቆረቆሩ። በ1727 የጀመሩት ያልተቋረጠ ጸሎት ከመቶ ዓመት በላይ ዘለቀ፤ ሚስዮናውያናቸውም ወደ ምድር ዳርቻ ተበተኑ። እነዚህ ሰዎች እጅ ሥራን ከጸሎት አልለዩም። ጫማ ሠሪውም አናጢውም ሥራውን ለጌታ እንደሚሠራ ይቆጥር ነበር። ሙዚቃን ደግሞ ከሁሉ አብልጠው ይወዱ ነበር፤ ሰው ሲሞትም ትሮምቦን ይነፉ ነበር።

ማርቲን ከመምጣቱ ከ80 ዓመታት በፊት በዚያው አካባቢ ጆን አንቴስ የሚባል ሞራቪያዊ ወጣት የሙዚቃ መሣሪያ ይሠራ ነበር። በ1759 የሠራው ቫዮሊን በአሜሪካ ምድር ከተሠሩት ቀደምት ቫዮሊኖች አንዱ ሲሆን፣ በናዝሬት በሚገኘው የሞራቪያውያን ታሪክ ማኅበር ሙዚየም ተጠብቋል። አንቴስ በኋላ መሮና መጋዙን አስቀምጦ ሚስዮናዊ ሆነ፤ ከ1770 ጀምሮም ለ11 ዓመታት ያህል በግብፅ አገልግሎአል። ሞራቪያውያኑ ወደ ግብፅ የሄዱበት አንዱ ምክንያት እኛን ይመለከታል፤ ከዚያ ተነሥተው ወደ ኢትዮጵያ የሚያስገባ መንገድ ይፈልጉ ነበር። መንገዱ ግን አልተከፈተላቸውም።

እንግዲህ ማርቲን የመጣው ወደዚህ ዓይነት ሕዝብ አጠገብ ነው። አጠገብ ያልኩት በምክንያት ነው። የናዝሬት መሬት የሞራቪያውያን ብቻ ነበር፤ የጉባኤው አባል ያልሆነ ሰው በመንደሩ ውስጥ ቤት ሊገዛ አይችልም ነበር። ማርቲኖች የሉተራን ልጆች ነበሩና መሬት የገዙት ከመንደሩ ወጣ ብላ በምትገኘው ቼሪ ሂል ላይ ነው። ይህም ማርቲን በዕድሜው ያየው ሁለተኛ የተዘጋ በር ነው። የመጀመሪያውን የዘጉት የቦሔሚያ ስደተኞች ወራሾች ናቸው፤ ሁለተኛውን የዘጉት የሞራቪያ ስደተኞች ወራሾች ናቸው። ሁለቱም በጥንቱ የአባቶቻቸው መከራ ይመኩ ነበር። ይህን የምጽፈው ሞራቪያውያንን ለማሳነስ አይደለም፤ ከልብ የምናከብራቸው ወገኖች ናቸው። ነገር ግን ስደት ያየ ሕዝብ እንኳ በር መዝጋትን በቶሎ ይማራል።

ማርቲን ከበሩ ውጭ ተቀምጦ አላኮረፈም። ቤቱን ሠራ፤ በዚያው ሱቅ አቋቋመ፤ ሥራ ጀመረ።

ትንሹ ጊታር

አሁን ወደ ጊታሩ እንምጣ። ዛሬ በመድረክ የምናየው ትልቁ ጊታር በሰፊው ወገን ሲለካ ወደ 40 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ማርቲን ይሠራቸው የነበሩት ግን ትንንሾች ነበሩ። መጠናቸውን በቁጥር ይጠራው ነበር፤ ቁጥሩ ሲያንስ ጊታሩ ይተልቃል። 3 ቁጥር ከ29 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፤ 2 ቁጥር 30 ተኩል ያህል ነው፤ 1 ቁጥር 32 ተኩል ይሆናል። በ1850ዎቹ 0 ቁጥር ሲመጣ እንደ ትልቅ ተቆጠረ፤ 34 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ሰው ጉልበቱ ላይ እንደ ሕፃን ሊያስቀምጠው ይችላል።

ለምን ትንሽ ሆነ? በዚያ ዘመን ጊታር በአዳራሽ ለብዙ ሕዝብ የሚሰማ መሣሪያ አልነበረም። በሳሎን ውስጥ ለቤተ ሰብና ለእንግዳ የሚጫወቱት ነበር፤ ከተጫዋቾቹም ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። ክሮቹም የብረት አይደሉም፤ እንደ በገናችን ጅማት ከእንስሳ አንጀት የተፈተሉ ነበሩ። ወፍራሞቹ ሦስቱ ብቻ በሐር ላይ ስስ የብረት ሽቦ የተጠመጠመባቸው ናቸው። እንዲህ ያለ ክር በቀላሉ ይወጠራል፤ በቀላሉም ይናገራል። ድምፁ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ጥርት ያለና ቅርብ ነው።

አሠራሩን በአጭሩ ልንገራችሁ። የፊቱ ገበታ ስፕሩስ ከሚባለው የፈረንጅ ጥድ መሰል ዛፍ ይሰነጠቃል፤ ውፍረቱ ከ3 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ተደርጎ ይላጋል። ጀርባውና ጎኖቹ ብዙውን ጊዜ ከብራዚል ከሚመጣው ሮዝውድ ይሠራሉ። ጎኖቹ በውኃ ርሰው በጋለ ብረት ላይ ይታጠፋሉ። የጣት ገበታው ጥቁር ዞጲ ነው፤ ውድ በሆኑት ላይ ጠርዙ በዝሆን ጥርስ ይከፈፋል። ሁሉም ከእንስሳ ቆዳ በሚፈላ ሙጫ ይያያዛል።

ትልቁ ጥበብ ግን ከውጭ አይታይም። ያን የሳሳ ገበታ ክሮቹ እየጎተቱት እንዳይታጠፍ ከውስጥ በኩል ማገር ያስፈልገዋል። ማገሩ ከበዛ ገበታው ይታሰርና ድምፅ ያጣል፤ ካነሰ ደግሞ ይሰበራል። የቀድሞ ሠሪዎች ማገሮቹን እንደ መሰላል አግድም ይደረድሯቸው ነበር፤ ስፔናውያን ደግሞ እንደ ማራገቢያ ይዘረጓቸው ነበር። ማርቲን በ1840ዎቹ ሁለት ረጃጅም ማገሮችን ከድምፅ ቀዳዳው በታች እንደ መስቀለኛ መንገድ አቋርጦ መሥራት ጀመረ። የሁለቱ መጋጠሚያ ገበታውን ይሸከማል፤ የተቀረው ግን ነጻ ሆኖ ይርገበገባል። በዚህ መንገድ ከተሠሩት መካከል ቀደምት ሆኖ የሚታወቀው በ1843 በስፔን ለተወለደችው ጊታር ተጫዋች ለማዳም ዴ ጎኚ የሠራው ነው። አሠራሩን ማርቲን ብቻውን ፈለሰፈው ለማለት ያስቸግራል፤ በዘመኑ ከጀርመን የመጡ ሌሎች ሠሪዎችም ይጠቀሙበት ነበር። ከዓመት ወደ ዓመት እያረመ ለትውልድ ያስተላለፈው ግን የእርሱ ቤት ነው።

ልብ በሉ፤ ወንበር ሠሪ ተብሎ የተነቀፈው ሰው ጊታርን ያሻሻለው ክብደትን መሸከም በሚያውቅ የአናጢ እጅ ነው። የተሰደበበት ሙያ ለበረከት ሆነለት።

ስሟ ያልተጻፈላት ከተማ

በ1850ዎቹ ናዝሬት በሯን ከፈተች፤ ሌሎች ሰዎችም በመንደሩ መሬት እንዲገዙ ተፈቀደ። ማርቲንም ወደ ውስጥ ገባ። በ1859 በሜይንና በኖርዝ ጎዳናዎች መገናኛ ላይ የጊታር ፋብሪካ ሠራ። በ1867 ደግሞ ልጁን ክርስቲያን ፍሬድሪክንና የወንድሙን ወይም የእኅቱን ልጅ ያህል ይቀርበው የነበረውን ዘመዱን ሐርትማንን የሥራው ባለ ድርሻ አደረጋቸው። ያኔ 71 ዓመቱ ነበር።

አሁን አንድ የሚያስደንቅ ነገር ልንገራችሁ። ከእነዚህ ጊታሮች አንዱን አግኝታችሁ በድምፅ ቀዳዳው ወደ ውስጥ ብትመለከቱ የማርቲንን ስም የያዘ ማኅተም ታያላችሁ። ከስሙ ሥር የተጻፈው ግን ናዝሬት አይደለም፤ ኒው ዮርክ ነው። ጊታሮቹ የሚሸጡት በኒው ዮርክ ባሉ ወኪሎች በኩል ስለ ነበር፣ ገዢውም ትልቂቱን ከተማ ስለሚያውቅ፣ ማርቲን ከዚያ ከወጣ በኋላ ለ60 ዓመታት ያህል የማኅተሙ ቃል ሳይለወጥ ቀረ። ከናዝሬት መልካም ነገር ይወጣ እንደ ሆነ የጠየቀውን ናትናኤልን ታስታውሱ ይሆናል። በዚያ ዘመን ጊታሩን የገዙት ሰዎች ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ እንኳ ዕድል አላገኙም፤ መልካሙ ነገር ከየት እንደ መጣ አላወቁምና።

ክርስቲያን ፍሬድሪክ ማርቲን ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1873 በ77 ዓመቱ በናዝሬት ዐረፈ። የተቀበረውም በሞራቪያውያን መካነ መቃብር ነው። ሞራቪያውያን በቀድሞ ልማዳቸው በመቃብር ላይ ከፍ ያለ ሐውልት አያቆሙም፤ ሀብታሙም ድሃውም ከመሬት እኩል የሆነ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይደረግለታል። በሞት ፊት ማንም ከማንም አይበልጥም ለማለት ነው። አንድ ጊዜ ከበር ውጭ የተቀመጠው ሰው በመጨረሻ በውስጥ ዐረፈ።

ከእርሱ በኋላ

ሥራው ግን አልሞተም። ልጁ ተካው፤ ልጁም በ1888 ሲሞት የልጅ ልጁ ፍራንክ ሄንሪ ማርቲን ተረከበ። በ1898 ፍራንክ የኒው ዮርኩን ወኪል ትቶ ጊታሩን ራሱ መሸጥ ጀመረ። በዚያው ዓመት በጊታሮቹ ላይ ተራ ቁጥር መጻፍ ተጀመረ፤ ማኅተሙም ተለወጠ። ናዝሬት የሚለው ስም በጊታሩ ሆድ ውስጥ የተጻፈው መሥራቹ በሞተ በ25ኛው ዓመት ነው። እስከዚያ ድረስ የተሠሩት ጊታሮች 8,000 ያህል እንደሚሆኑ ይገመታል።

በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሙዚቃው ከሳሎን ወደ አዳራሽ ወጣ፤ ተጫዋቾችም ጉልህ ድምፅ ያለውን የብረት ክር ፈለጉ። ስድስት የብረት ክሮች ሲወጠሩ ጊታሩን የሚስቡበት ኃይል 70 ኪሎ ያህል ይደርሳል። ብዙ የቀድሞ አሠራሮች ይህን አልቻሉም፤ የማርቲን መስቀለኛ ማገር ግን ጥቂት ሲጠነክር ቻለው። ለአንጀት ክር የተሠራው ነገር እርሱ ላላየው ክር ተዘጋጅቶ ተገኘ። በ1920ዎቹ ፋብሪካው ወደ ብረት ክር ተሻገረ፤ በ1931 ደግሞ ትልቁ ጊታር በማርቲን ስም ወጣ። ዛሬ በአብያተ ክርስቲያናት የምናየው ትልቅ ጊታር አብዛኛው የዚያ አምሳያ ነው። በ2004 ፋብሪካው አንድ ሚሊዮነኛውን ጊታር ሠራ፤ እስከ 2021 ድረስም የማርቲን ዘሮች ለስድስት ትውልድ ሥራውን በራሳቸው መርተውታል።

ትንንሾቹ አሮጌ ጊታሮችስ? ዛሬ ሙዚየሞችና ሰብሳቢዎች ይዘዋቸዋል። ምናልባት ከእናንተ አንዱ በውርስም ሆነ በግዢ ቢያገኝ ሁለት ነገር ያስታውስ። አንደኛ፣ የ1800ዎቹ ጊታር ለብረት ክር አልተሠራምና የብረት ክር አይሰርበት፤ ገበታው ይጎብጣል። ሁለተኛ፣ የብራዚል ሮዝውድና የዝሆን ጥርስ ዛሬ በዓለም አቀፍ ሕግ የተጠበቁ ስለ ሆኑ ያለ ወረቀት ድንበር አያሻግራቸው።

በአንድ የአሜሪካ ፊልም ቀረጻ ላይ የደረሰው ደግሞ ያሳዝናል። በ2015 ለወጣው ለዚህ ፊልም ሙዚየሙ በ1870ዎቹ የተሠራ አንድ ትንሽ ጊታር አውሶ ነበር። ትዕይንቱ ጊታር የሚሰበርበት ስለ ሆነ እውነተኛው ተነሥቶ አምሳያው መተካት ነበረበት። ተዋናዩ ግን መለወጡን ሳይጠብቅ እውነተኛውን ከምሰሶ ጋር አጋጨው። 140 ዓመት ያህል የኖረ ሥራ በአንድ ቅጽበት ስብርባሪ ሆነ። ሙዚየሙም ከዚያ በኋላ ለፊልም ማዋስ አቆመ።

ለእኛስ?

ውድ አንባብያን፣ በአገራችን በእጁ የሚሠራ ሰው ስንት ስም ወጥቶለት እንደ ነበር ታውቃላችሁ። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ ያመረቱትን እየተጠቀምንበት እነርሱን ንቀናቸዋል፤ በማዕድ እንኳ ያልተቀበልናቸው ዘመን ነበር። ስለዚህ የማርክኖይኪርኸን ቫዮሊን ሠሪዎች ንግግር ለጆሯችን እንግዳ አይደለም። ከእናንተም አንዳንዶች ዛሬ በር ውጭ ቆማችሁ ይሆናል። ሙያችሁ ተንቆባችሁ፣ ወረቀታችሁ ተቀባይነት አጥቶ፣ ወይም በገዛ ወገኖቻችሁ ዘንድ እንግዳ ሆናችሁ ይሆናል። ሌሎቻችን ደግሞ፣ ይህም ይበልጥ ያስፈራኛል፣ ሳናውቀው በሩን የያዝን እኛ እንሆናለን።

ማርቲን ለከሳሾቹ የጻፈው መልስ አልተገኘም። የመለሰላቸው በሥራው ነው። ሳኦል በነቢያት መካከል ብለው የሳቁበት ሥራ ይኸው ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው። እንግዲህ በሚመጣው እሑድ ጊታሩ ተቃኝቶ መዝሙሩ ሲጀመር፣ ከዚያ የእንጨት ሆድ ውስጥ ማንም የማያያቸው ሁለት ማገሮች ተቆላልፈው ሸክሙን እንደ ያዙ አስቡ። እነርሱን እዚያ ያኖረው ጊታር መሥራት አይገባህም የተባለ የአናጢ ልጅ ነው።